ውስጠኛውን ኦብጀክት ማን ይፈትሸው? «አኖቴሽን ይቅርብን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ የጃቫ አልሚዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተው «አኖቴሽን ይቅርብን» የተሰኘ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለው ቢሯችን ከምሳ በኋላ ባለችው ጸጥታ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ተጠቃሚ ወደ ድር መተግበሪያ የሚልከው መረጃ በኦብጀክት (በአንድ ላይ በተያዘ የመረጃ ጥቅል) ውስጥ ሌላ ኦብጀክት ይዞ ሲመጣ በአኖቴሽን፣ ማለትም በኮዱ ላይ በሚጻፍ የሕግ ምልክት፣ የሚደረገው ፍተሻ እምነት አይጣልበትም፤ ሳይናገር ይዘላል፣ ባዶውን ያሳልፋል፣ ሊስት አያውቅም፣ እርስ በርስ በሚጠቃቀሱ ኦብጀክቶች ላይ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ፊልዶችን (የኦብጀክቱን የመረጃ ቦታዎች) የሚያገናኝ ሕግ መግለጽ አይችልም፣ መመዝገብንና ማሻሻልን አይለይም፣ ዘገምተኛ ነው፣ መልእክቱም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከፍተሻው የሚበዛውን ሥራውን በሚፈጽመው በሰርቪስ ክላስ ውስጥ በ«ኢፍ» እየጻፍን፣ የቀረውን ለኢንቲቲው (የዳታቤዝ ሠንጠረዥን ለሚወክለው ክላስ) እና ለዳታቤዙ እንተው ይላሉ።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው የሚያወሩት በሥራ ላይ ስለገጠማቸው ነገር መሆኑም ከየአንቀጹ ይታወቃል። ከሚያነሷቸው ችግሮች አብዛኞቹን እኔም አይቻቸዋለሁ፤ የማልስማማው በሰጡት ምክንያትና ባዘዙት መድኃኒት ነው። ነጥቦቹን እሳቸው ባስቀመጡበት ቅደም ተከተል እወስዳለሁ፤ የአኖቴሽኖቹንም ስም ሲጠሩ እንደሚሰሙት በፊደላችን እጽፋለሁ። ምሳሌዬም የእሳቸው የዕቃ ማድረሻ መተግበሪያ ይሁን። በዚያ መተግበሪያ ውስጥ «ትዕዛዝ» የሚባል ክላስ (የኦብጀክት ንድፍ) አለ፤ በውስጡም አድራሻ፣ ክፍያና የዕቃዎች ሊስት ይይዛል። አድራሻው ደግሞ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ አለው። ከፒያሳ ሱቅ የተገዛ ዕቃ ካዛንቺስ ወዳለ ቢሮ የሚደርሰው በእነዚህ ፊልዶች ነው፤ ክፍለ ከተማው ከጎደለ ሞተረኛው መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ሲደውል ይውላል።

የመጀመሪያው ነጥባቸው እንዲህ ይላል፤ በአድራሻ ክላስ ውስጥ ያሉት ፊልዶች ሁሉ «ኖትብላንክ» (ባዶ አይሁን) ቢጻፍባቸውም፣ በትዕዛዝ ክላስ ውስጥ አድራሻውን የያዘው ፊልድ ላይ «ቫሊድ» ካልተጻፈ ፍተሻው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ አለመዝለቁንም ለማንም አይናገርም። እዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። «መሣሪያው ራሱ አውቆ መግባት ነበረበት» ሲሉ ግን መንገዳችን ይለያያል። ትዕዛዝ ደንበኛን ይጠቅሳል፣ ደንበኛ የቀድሞ ትዕዛዞቹን ይጠቅሳል፣ እነዚያ ትዕዛዞች ዕቃዎችን፣ ዕቃዎቹም ሻጮችን ይጠቅሳሉ። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል ፈታሽ ቢኖረን፣ አንዲት ትዕዛዝ ለመመርመር ብሎ የሱቁን መዝገብ ግማሽ ሊያምስ ነው፤ ከተጠቀሱትም ውስጥ ገና ከዳታቤዝ ያልተጫኑ ካሉ እነሱን ለማየት ሲል ብቻ ዳታቤዙን ደጋግሞ ሊጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የጃቫ ማረጋገጫ መስፈርት፣ ጄኤስአር 303፣ ወደ ውስጠኛው ኦብጀክት መዝለቅን ለክላሱ ጸሐፊ ግልጽ ፈቃድ መተዉ ይህን ሁሉ ያስቀራል። «ቫሊድ» ማለት «ከዚህ በር ግባ» ማለት ነው፤ ያልተጻፈበት በር ዝግ ነው።

ዝምታው ግን ሰፋ አድርገን ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ካነሱት ሌላ ሁለት የዝምታ ምንጮች አሉ፤ እሳቸውም የገጠማቸው ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2020 ስፕሪንግ ቡት የተባለው የጃቫ መተግበሪያ መሥሪያ በ2.3 ስሪቱ ሲወጣ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የማረጋገጫው ላይብረሪ ከድሩ ስታርተር (የላይብረሪዎች ጥቅል) ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የማረጋገጫውን ስታርተር ለብቻው መጨመር የአልሚው ሥራ ሆነ። አኖቴሽኖቹ በሌላ ላይብረሪ በኩል ፕሮጀክቱ ውስጥ ከገቡ ኮዱ ያለ ችግር ይጠናቀራል፤ የሚያስፈጽማቸው ግን የለም። ሁለተኛው የፓኬጅ (የክላሶች ማኅደር) ስም ለውጥ ነው። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 3.0 ሲሸጋገር ፓኬጁ «ጃቫክስ» ከሚለው ስም ወደ «ጃካርታ» ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 ይህንኑ ተከተለ። ፍተሻውን የሚያስፈጽመው አዲሱ ሃይበርኔት ቫሊዴተር በአሮጌው ፓኬጅ ስም የተጻፈ «ቫሊድ» ሲያጋጥመው እንደማያውቀው ማንኛውም አኖቴሽን ቆጥሮ ያልፈዋል እንጂ አያጉረመርምም።

ይህን የማውቀው ተጎድቼበት ነው። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ዋናውን መተግበሪያ ወደ አዲሱ ስሪት ስናሻግር፣ የአድራሻ ክላስ የሚገኝበት የጋራ ላይብረሪ በአሮጌው ፓኬጅ እንደተጻፈ ቀርቶ ነበር። አሮጌው ጃር (የላይብረሪው ፋይል) አብሮ ስለተጫነ ኮዱ ተጠናቀረ፤ ትዕዛዙ ራሱ በትክክል ይፈተሽ ስለነበር ሁሉ ነገር የሚሠራ መሰለን፤ «ቫሊድ» አድራሻው ድረስ ይዞን ሲገባ ግን እዚያ የሚታወቅ ሕግ አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ያህል ክፍለ ከተማ የሌላቸው ትዕዛዞች ገቡ፤ ያወቅነውም ከኮዱ ሳይሆን ከሞተረኞቹ ምሬት ነው። ከዚያ ወዲህ ውስጠኛ ኦብጀክት ያለው እያንዳንዱ የጥያቄ ክላስ አብሮት አንድ አጭር ቴስት አለው። ክፍለ ከተማው ባዶ የሆነ ትዕዛዝ ይሠራል፣ ለቫሊዴተሩ ይሰጠዋል፣ የተመለሰውም ስህተት «አድራሻ» ነጥብ «ክፍለ ከተማ» በሚል መንገድ መምጣቱን ያረጋግጣል። ይህ ቴስት «ቫሊድ» ቢረሳም፣ ፓኬጁ ቢሳሳትም፣ ስታርተሩ ቢጎድልም ይወድቃል። ጸሐፊው አኖቴሽኑን ሲከሱ ያላነሱት ነገር ቢኖር ይህ ቴስት ነው፤ በ«ኢፍ» የተጻፈ ፍተሻም ቢረሳ እኩል ዝም እንደሚልም አላነሱም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው። «ቫሊድ ጽፌበት ሳለ አድራሻ ጭራሽ የሌለው ትዕዛዝ አለፈ» ይላሉ። አዎን፣ ያልፋል፤ ማለፍም ይገባዋል። ስለ አንድ ውስጠኛ ኦብጀክት የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «መኖር አለበት ወይ?» ነው፤ ሁለተኛው «ካለ፣ ውስጡ ትክክል ነው ወይ?» ነው። «ኖትነል» የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል፤ «ቫሊድ» ሁለተኛውን ብቻ ይመልሳል፤ ፊልዱ ነል (ምንም ያልያዘ) ከሆነ የሚገባበት ውስጥ ስለሌለ ዝም ብሎ ያልፋል። ጸሐፊው «ቫሊድ»ን ሁለቱንም እንዲመልስላቸው ጠብቀው ስላልመለሰላቸው አዘኑበት።

ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው መቆማቸው የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ወደ ምሳሌው ልመለስ። ፒያሳ ሱቁ ድረስ መጥቶ ዕቃውን በእጁ የሚረከብ ደንበኛ አድራሻ አያስፈልገውም፤ አድራሻ ከሰጠ ግን የተሟላ መሆን አለበት፤ ነገ ዕቃው ተበላሽቶ ቢመለስ የምናገኘው በዚያ ነውና። ይህ ሕግ በትዕዛዙ ላይ «ቫሊድ» ብቻውን ሲጻፍ በትክክል ይገለጻል። ቤት ለቤት በሚደርስ ትዕዛዝ ላይ ደግሞ «ኖትነል» እና «ቫሊድ» ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ጸሐፊው እንደሚመኙት «ቫሊድ» ነልን ሁሉ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ሕግ የምንጽፍበት መንገድ ባልኖረን ነበር። «ሳይዝ»፣ «ፓተርን» እና «ኢሜይል» ነልን የሚያሳልፉትም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ «ስልክ ግዴታ አይደለም፣ ከተጻፈ ግን የስልክ ቁጥር ይሁን» የሚለው በፎርሞቻችን ላይ ከሚበዙት ሕጎች አንዱ ስለሆነ ይህ ሥርዓት በየቀኑ ይጠቅመናል።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለክሳቸው ግን ይጠቅማቸው የነበረ አንድ ነገር ልጨምርላቸው። ስፕሪንግ ቡት፣ በጄሰን የጽሑፍ ቅርጽ የተላከውን መረጃ ወደ ኦብጀክት የሚለውጠውን ጃክሰንን ሲያዘጋጅ የማይታወቅ ስም ያለው ፊልድ በጄሰኑ ውስጥ ቢመጣ እንዲያልፈው አድርጎ ነው። የሞባይሉ መተግበሪያ ጸሐፊ የአድራሻውን ፊልድ ስም አንድ ፊደል አሳስቶ ቢልክ አድራሻው ሙሉውን ይጣላል፤ ወደ እኛ የሚደርሰው ትዕዛዝ አድራሻው ነል ይሆናል፤ «ኖትነል» ከሌለበት ደግሞ ያለ አንዳች ጥያቄ ይገባል። እንዲሁም ብዛትን በ«ኢንት» የያዘ ፊልድ ሳይላክ ቢቀር 0 ሆኖ ይገኛል እንጂ ነል ስለማይሆን፣ በላዩ የተጻፈው «ኖትነል» ምንም አይሠራም፤ ነል መሆን የሚችለው «ኢንቲጀር» መሆን አለበት። እነዚህ ወጥመዶች እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን የተዘጋጁት መረጃው ወደ ኦብጀክት ሲለወጥ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ ያለው «ኢፍ»ም የሚያየው ያንኑ ነልና ያንኑ 0 ነው።

ሦስተኛው፣ «ሊስት አይፈትሽም» የሚለው፣ እንዳለ ስህተት ነው፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በክላስ ውስጥ ያለ የዕቃዎች ሊስት ላይ «ቫሊድ» ሲጻፍ እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈተሸው ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመስፈርቱ 2.0 ስሪት የጨመረው ሌላ ነገር ነው፤ አኖቴሽኑን በሊስቱ ዓይነት ውስጥ፣ በማዕዘን ቅንፎቹ መካከል፣ ከዕቃው ክላስ ስም ፊት መጻፍ ተፈቀደ። ይህ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን ሁለቱን ጥያቄዎች በሊስት ላይ ስንደግማቸው ነው። ሊስቱ ራሱ መኖር አለበት ወይ? ባዶ ሊሆን ይችላል ወይ? በሊስቱ ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ነል ሊሆን ይችላል ወይ? ዕቃው ካለስ ውስጡ ትክክል ነው ወይ? ለአራቱም መልስ ስንሰጥ ሊስቱ ላይ «ኖትኤምፕቲ»፣ በቅንፉ ውስጥ ደግሞ «ኖትነል» እና «ቫሊድ» እንጽፋለን። በቅንፉ ውስጥ ያለውን «ኖትነል» የረሳ ሰው ሦስት ዕቃ ተልኮ አንዱ ነል ሲሆን ፍተሻው አልፎት፣ በኋላ ዋጋ ሲደመር መተግበሪያው ይወድቅበታል። ስህተት ሲገኝም መንገዱ «ዕቃዎች[2].ብዛት» ተብሎ ቁጥሩ ጭምር ስለሚመጣ፣ የሞባይሉ ገጽ በትክክል ሦስተኛውን ዕቃ በቀይ ማስመር ይችላል። ጸሐፊው ለአብነት ባቀረቡት የ«ፎር» ዙር ውስጥ ይህ ቁጥር የለም፤ ደንበኛው «ከዕቃዎቹ አንዱ ስህተት አለበት» ተብሎ ይመለሳል።

እሳቸውን ያሳታቸው ሌላ ሁኔታ ይመስለኛል። የጥያቄው አካል ራሱ ሊስት ሲሆን፣ ማለትም ኮንትሮለሩ (የደንበኛውን ጥያቄ የሚቀበለው ክላስ) ትዕዛዝ ሳይሆን የትዕዛዞች ሊስት በቀጥታ ሲቀበልና ከፊቱ «ቫሊድ» ሲጻፍ፣ ከስፕሪንግ (የስፕሪንግ ቡት መሠረት) 6.1 በፊት የነበረው ኮንትሮለር በሊስቱ ውስጥ ያሉትን አይፈትሽም ነበር፤ እንደ አንድ ተራ ኦብጀክት የሚፈትሸው ሊስቱን ራሱን ነበርና። በዚያ ዘመን መፍትሔው ሁለት ነበር። አንዱ ሊስቱን በአንድ ትንሽ ክላስ ውስጥ ጠቅልሎ መቀበል ነው። ሌላው በኮንትሮለሩ ክላስ ላይ «ቫሊዴትድ» የሚለውን የስፕሪንግ አኖቴሽን መጻፍ ነው፤ ይህኛው ግን የሚወረውረው ስህተት የተለየ ስለሆነ ካልተያዘ ለደንበኛው በ400 (የላክኸው ስህተት አለበት) ፈንታ 500 (ሰርቨሩ ተሳሳተ) ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከወጣው 6.1 ወዲህ የሜተድ ፍተሻ፣ ማለትም ሜተዱ በቀጥታ የሚቀበላቸውን ነገሮች መፈተሽ፣ በኮንትሮለሩ ውስጥ ተካቷል። እኔ እስካሁን የምመርጠው ጠቅልሎ መቀበሉን ነው፤ ሊስት በቀጥታ የሚቀበል በር ነገ አንድ ተጨማሪ ፊልድ ሲፈለግ የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ስለ ዙሩ ብዙ የሚባል የለም። መስፈርቱ በአንድ የፍተሻ መንገድ ላይ አስቀድሞ የተፈተሸ ኦብጀክት ዳግም ሲገኝ እንዲታለፍ ያዛል፤ ትዕዛዝ ደንበኛን፣ ደንበኛ ያንኑ ትዕዛዝ ቢጠቅስ ፍተሻው ይቆማል። ጸሐፊው ያዩት የስታክ (የጥሪዎች ቁልል) መሙላት፣ ባቀረቡት የስህተት ቅጂ ላይ እንደሚነበበው፣ የመጣው ከጃክሰን ነው፤ ኦብጀክቱን መልሶ ወደ ጄሰን ሲለውጥ ነው የዞረው።

አምስተኛው ነጥብ፣ ሁለት ፊልዶችን የሚያገናኝ ሕግ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ክፍያው በቴሌብር ከሆነ የከፋዩ ስልክ ግዴታ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ አይደለም» የሚለውን በአንድ ፊልድ ላይ በሚጻፍ አኖቴሽን መግለጽ አይቻልም። ነገር ግን አኖቴሽን በክላስ ላይም ይጻፋል። የክፍያን ክላስ ራሱን የሚፈትሽ የራሳችንን አኖቴሽንና አንድ ፈታሽ ክላስ እንጽፋለን፤ በትዕዛዙ ውስጥ ክፍያው ላይ «ቫሊድ» እስካለ ድረስ ይህም ሕግ አብሮ ይሠራል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክላሱ ሕግና የፊልዶቹ ሕግ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩ ዋስትና ስለሌለ፣ ፈታሹ የመክፈያ መንገዱ ነል ሆኖ ቢያገኘው «ይህ የእኔ ጥያቄ አይደለም» ብሎ ማለፍ አለበት፤ መኖሩን የሚጠይቀው «ኖትነል» ነውና። እንዲሁም ካልነገሩት በቀር ስህተቱን የሚለጥፈው በክፍያው ላይ እንጂ በስልኩ ላይ ስላልሆነ፣ የቀረበውን መልእክት አጥፍቶ በስልኩ ፊልድ ስም አዲስ ስህተት እንዲጨምር ማድረግ ይገባል።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ዕቃው በመጋዘን መኖሩንስ አኖቴሽን ያውቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። ዳታቤዝ የሚጠይቅ ፈታሽ መጻፍ ይቻላል፤ ስፕሪንግ ውስጥ ፈታሹ ሌሎች ክላሶችን መቀበል ስለሚችል ብዙ ሰውም ይጽፈዋል፤ ነገር ግን በተፈተሸበትና በተመዘገበበት ቅጽበት መካከል ሌላ ደንበኛ የመጨረሻዋን ዕቃ ሊወስዳት ይችላል። ይህ ሕግ በትራንዛክሽን (በአንድነት በሚጸድቅ ወይም በሚሰረዝ የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ፣ በሰርቪሱ፣ መኖር አለበት። ስለዚህ ሰርቪሱ ምንም አይፈትሽ እያልሁ አይደለም፤ የመጣው ወረቀት በትክክል መሞላቱን በሩ ላይ፣ የተጠየቀው ነገር መፈጸም መቻሉን ውስጥ እንጠይቅ ነው የምለው። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለው ሁለቱንም ወደ ውስጥ ወሰዷቸው።

መመዝገብና ማሻሻል ላይ ስንደርስ በከፊል እስማማለሁ። መሣሪያው የሚሰጠው መልስ ግሩፕ ነው፤ አንዱን ሕግ ለመመዝገብ፣ ሌላውን ለማሻሻል መድበን፣ ኮንትሮለሩ ላይ በስፕሪንጉ «ቫሊዴትድ» የቱን እንደምንፈልግ እንናገራለን። «ቫሊድ» ግሩፕ አይቀበልም፤ «ቫሊዴትድ» ደግሞ በፊልድ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ በሩ ላይ አንዱ፣ ውስጠኛው ፊልድ ላይ ሌላው ይሆናል። የተመረጠውም ግሩፕ በ«ቫሊድ» በኩል እስከ ውስጠኛው ኦብጀክት ይወርዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የመመዝገብ ግሩፕ ብቻ ከተጠራ፣ ግሩፕ ያልተጻፈባቸው የአድራሻው ሕጎች የመነሻው ግሩፕ አባላት ስለሆኑ ሁሉም ይዘለላሉ። የግሩፑን ኢንተርፌስ የመነሻውን ግሩፕ እንዲወርስ ማድረግ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2013 በመስፈርቱ 1.1 ስሪት የመጣውን «ኮንቨርትግሩፕ» አድራሻው ላይ ጽፎ ግሩፑን በመንገድ ላይ መለወጥ ይቻላል። ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ለመመዝገብ አንድ ሪከርድ (መረጃ ብቻ የሚይዝ ክላስ)፣ ለማሻሻል ሌላ ሪከርድ እጽፋለሁ፤ አድራሻው የጋራቸው ይሆናል፤ በመመዝገቡ ላይ «ኖትነል» አለው፣ በማሻሻሉ ላይ የለውም፣ በሁለቱም ላይ «ቫሊድ» አለው። ጥቂት መስመሮች ይደጋገማሉ፤ ስድስት ወር ቆይቶ የሚያነበው ሰው ግን የቱ ሕግ መቼ እንደሚሠራ ለማወቅ ሦስት ፋይል መክፈት አይኖርበትም።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ በጽሑፉ ውስጥ የቀረበው ኮድ በየጥያቄው አዲስ የቫሊዴተር ፋክተሪ (ቫሊዴተሩን የሚያዘጋጅ ኦብጀክት) ይገነባል። የሚከብደው እሱ ነው። ፋክተሪው አንድ ጊዜ ተገንብቶ መተግበሪያው እስኪዘጋ ይቆያል፤ የሚሰጠው ቫሊዴተር ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ቢጠቀምበት አይጎዳም፤ የየክላሱ ሕጎችም አንዴ ከተነበቡ በኋላ ይቀመጣሉ። በስፕሪንግ ቡት ውስጥ ደግሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ መገንባቱ ራሱ አያስፈልግም።

«መልእክቱ እንግሊዝኛ ነው» የሚለውን ግን በሁለት መስመር ማለፍ አልችልም፤ ጸሐፊው በሁለት መስመር ቢያልፉትም ለእኛ ሥራ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ይህ ነው። የመልእክቶቹን ፋይል ስሙ ላይ የአማርኛን የቋንቋ ኮድ ጨምረን በራሳችን ቋንቋ መጻፍ እንችላለን፤ ስፕሪንግ የደንበኛው ጥያቄ የያዘውን የቋንቋ ምርጫ አይቶ የትኛውን እንደሚያነብ ይወስናል። እስከ ጃቫ 8 ድረስ እንዲህ ያለው ፋይል በላቲን ኢንኮዲንግ ይነበብ ስለነበር እያንዳንዱን ፊደላችንን በዩኒኮድ ቁጥሩ መጻፍ ግድ ነበር፤ «ክፍለ ከተማ ያስፈልጋል» የምትለው ዓረፍተ ነገር የቁጥር ጥርቅም ሆና ትታይ ነበር። ከጃቫ 9 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 ስለሚነበብ እንደሚጻፍ ይጻፋል።

ከመልእክቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሕጉ ራሱ ለሌላ አገር የተቆረጠ መሆኑ ነው። ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ የመጣ «ሳይዝ ቢያንስ 3» የሚል ሕግ በስም ፊልድ ላይ ሲቀመጥ ካሳን፣ ለማንና ሙሉን ይመልሳቸዋል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን አንድ ቁምፊ ሆኖ ስለሚቆጠር እነዚህ ስሞች ሁለት ሁለት ናቸው። የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል «ፓተርን» ደግሞ በአማርኛ የተጻፈን ስም ሁሉ ይመልሳል። የስልኩ «ፓተርን» በ09 ብቻ እንዲጀምር ከተጻፈ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ደንበኛ አይገባም። የቤት ቁጥርን በቁጥር ዓይነት የያዘ ክላስም «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ብሎ ለመጻፍ የለመደውን ሁሉ ፍተሻው ጋ ሳይደርስ፣ ጄሰኑ ሲነበብ ጀምሮ ይጥለዋል። የክፍለ ከተማ ስም በነጻ ጽሑፍ ከመቀበል ይልቅ በኢነም (አስቀድሞ በተወሰነ ዝርዝር) ቢያዝ ይሻላል፤ 11 ናቸው፤ ለሚ ኩራ ያልተጨመረበት የቆየ ኢነም ግን 10 ላይ ቆሞ የዚያን ነዋሪዎች ይመልሳል። እነዚህን ሕጎች በየሰርቪሱ «ኢፍ» የበተነ ሰው 07 ሲመጣ ስንት ቦታ እንደሚያርም ያስበው። እኛ «የአገር ውስጥ ስልክ» የሚል የራሳችንን አኖቴሽን ከነባሮቹ አጣምረን ሠርተን ነበር፤ በአድራሻም፣ በክፍያም፣ በሻጭም ላይ የተጻፈው እሱ ስለነበር ለውጡ የአንድ መስመር ሆነ።

ወደ ምክራቸው ልምጣ። «የቀረውን ኢንቲቲው ይፈትሸዋል» የሚለው ሐሳብ ውስጠኛ ኦብጀክት ላይ ሲደርስ በተለይ አያስኬድም። ጄፒኤ፣ ኦብጀክትን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የጃቫ መስፈርት፣ ኢንቲቲን የሚፈትሸው ሊመዘገብ ወይም ሊሻሻል ሲል ነው፤ «ቫሊድ» ከተጻፈበት ወደተከተተ ኦብጀክት ይዘልቃል፣ በግንኙነት ወደተያዘ ሌላ ኢንቲቲ ግን «ቫሊድ» ቢጻፍበትም እንዳይዘልቅ መስፈርቱ ራሱ ከልክሎታል። አድራሻው በራሱ ሠንጠረዥ ያለ ኢንቲቲ ከሆነ ትዕዛዙ ሲመዘገብ በትዕዛዙ በኩል አይፈተሽም ማለት ነው። የሚፈተሸውም ቢሆን የሚያዘው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ትራንዛክሽኑ ሊዘጋ ሲል ስለሆነ፣ ክፍያ ጠይቀን፣ ለሻጩ መልእክት ልከን ከጨረስን በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ደንበኛውም የቱን ፊልድ እንደሳተ ሳይነገረው 500 ይደርሰዋል። በኢንቲቲው ላይ ሕግ መጻፍን አልቃወምም፤ ከኮንትሮለር ውጭ፣ ለምሳሌ ከሌላ ሲስተም በፋይል የሚገባ መረጃ ስላለ እኔም እጽፋለሁ። በሩ ላይ ያለውን ግን አይተካውም።

የቀረው በሰርቪሱ ውስጥ እንዲጻፍ የሚያሳዩት የ«ኢፍ» ናሙና ነው። ናሙናው 40 መስመር ያህል ሲሆን ሥርዓት ባለው አጻጻፍ የተቀመጠ ነው፤ የመጀመሪያው «ኢፍ» የትዕዛዙን አድራሻ ይዞ ክፍለ ከተማው ባዶ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አድራሻው ራሱ መኖሩን የሚጠይቅ መስመር የለም፤ አድራሻ ሳይጻፍበት የመጣ ትዕዛዝ እዚያች የመጀመሪያ መስመር ላይ በነል ፖይንተር ስህተት (በሌለ ኦብጀክት ለመጠቀም በመሞከር) ይወድቃል።